የደረቀ አፍ ፍርድ

ቡታጅራ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 1997 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለሙንታሲር፣ ጅዳ

አሰላሙ አለይኩም። አራት ዓመት ሙሉ አልፈታኸኝም፣ አልጠራኸኝምም፤ ስለዚህ አሁንም ባለቤቴ እልሃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ሆሳዕና ነርስነት ተምሬ እዚሁ ከተማችን ክሊኒክ ተቀጥሬያለሁ።

የእናትህ የወርቅ ሐብል የጠፋ ጊዜ አባትህ የቤታችሁን ፍርድ እንዳመጡብን ታስታውሳለህ። አንድ እፍኝ በሶ ያለ ውሃ፤ መዋጥ ያቃተው ሌባ ነው። በርበሬ የምንለቅምበት ወር ነበር። ብናኙ እያስነጠሰኝ የአለርጂ ኪኒን እወስድ ነበር። ኪኒኑ ምራቅ እንደሚያደርቅ ያኔ ማን ነገረኝ? በሶው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። አንተ አጠገቤ ቆመህ የራስህን ዋጥክ። በዚያው ቀን ወደ አባቴ ቤት ተባረርኩ።

ባለፈው ሳምንት አባትህ እናትህን ይዘው ክሊኒክ መጡ። የእናትህ ጥርስ ከድዱ ሥር ተበልቷል፤ ምላሳቸው ላንቃቸው ላይ ይጣበቃል። ሲመረመሩ ስኳር ተገኘባቸው።

"ምራቅ አፍን ያጥባል፣ ጥርስን ይጠብቃል። ሲደርቅ ጥርስ ይበሰብሳል" አልኳቸው። ውሃ ቶሎ ቶሎ እንዲጎነጩ፣ ሻዩን ያለ ስኳር እንዲጠጡ መከርኳቸው። በደንብ አከምኳቸው። ከዚያ ጁምዓ ዕለት፣ ጎረቤቱ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ በሶ ይዤ ግቢያችሁ ገባሁ።

"አንቺ ደግሞ ምን ልትወስጂ መጣሽ?" አሉ አክስትህ ሳሌሃ።

"ስሜን ነው፣ እትዬ ሳሌሃ። እዚሁ ቀርቶብኛል።"

መጀመሪያ እኔ ዋጥኩ። ቀጥዬ ለእናትህ ለእትዬ ዘይባ ቁንጣሪ አቀበልኳቸው፤ ሰው እያየ እንቢ ማለት አልቻሉም። አፋቸው ውስጥ ዱቄት እንደሆነ ቀረ፤ ሳል ያዛቸው። ወዲያው ውሃ ሰጠኋቸው። ለእኔ ያኔ ማንም አልሰጠኝም።

"አባባ ሙስተፋ፣ ይፍረዱ እንጂ! ዛሬስ ሌባዋ ማን ናት?"

አባትህ አቀረቀሩ። አክስትህ ግን "ዘይባዬ፣ የራስሽን ወርቅ ሰረቅሽ?" ብለው ሳቁ፤ ጎረቤቱም ተከተላቸው። እናትህ የሰዉን ሳቅ መቋቋም አልቻሉም።

"እኔ አይደለሁም! ሙንታሲር ነው! ለጅዳ መንገዱ ሸጦት ነው!"

እኔ ልበቀል የሄድኩት እሳቸውን ነበር። አንተን "አባቱን ፈርቶ ነው ዝም ያለው" እያልኩ፣ አባቴ ሲረግምህ እንኳ አራት ዓመት ጥብቅና ቆሜልሃለሁ።

አባትህ በሰው ፊት ይቅርታ ጠይቀውኛል። እኔም ትናንት ቃዲው ዘንድ ሄጄ ፍቺ ጠይቄያለሁ። ለአረፋ ትመጣለህ ሲሉ ሰማሁ። ና፤ ማንም አይነካህም። አላህ ረጅም ዕድሜና ጤና ይስጥህ። መንገድ ላይ እያስቆመ ስለ ሐብሉ የሚጠይቅህ ሰው ብዙ ነው፤ ለሁሉም መልስ ሰጥተህ እስክትጨርስ ያኑርህ።

ፈቲሀ ሳኒ