«አልባ» ምን ማለት ነው?

ሰኞ፣ ኅዳር 10። ጠዋት

ቢጫ ፊቶቹ ዛሬም መጡ። ከባሕር ዳር የተላከችው ባለሙያ ወረቀቶቿን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ ልጆቹን በየተራ ታስጠራኛለች። ወረቀቱ ላይ የተሳሉ ቢጫ ፊቶች አሉ፣ ከሚስቀው እስከሚያለቅሰው። ዛሬ የሚሰማህ የቱ ነው? ልጁ ጣቱን የሚስቀው ላይ ያሳርፋል። ቀጣይዋም የሚስቀው ላይ። ሁሉም የሚስቀው ላይ።

ቤታቸው ተቃጥሎ ከቆላ የመጡ ልጆች ናቸው። አገር ሙሉ በቴሌቪዥን ያለቀሰላቸው። አባትና እናታቸውን ቀብረው የመጡ አሉ፣ ሳይቀብሩ የመጡም አሉ። ሰው ቤት ተጠግተው እንዴት ናችሁ ሲባሉ ደኅና፣ እግዜር ይመስገን እያሉ ነው ያደጉት። የሚያለቅሰውን ፊት ማሳየት ነውር መስሏቸዋል። ሪፖርቷን አየሁት። «ሕፃናቱ በመልካም ሥነ ልቦናዊ ሁኔታ ላይ ይገኛሉ።» ማስታወሻዬ፣ ከአንቺ በቀር የምነግረው የለኝም።

እኔም እኮ ተጠሪ ነኝ። ሥልጠና ወስደሻል ተብዬ የት/ቤቱ የሐዘን ድጋፍ ተጠሪ። ከሥልጠናው በደንብ የማስታውሰው የምሳውን ክትፎ ነው።

ከሰዓት

ለቅዳሜው የድጋፍ ዝግጅት ካናቴራ መጣ። ነጭ። ደረቱ ላይ በጥቁር፦ «ወላጅ አልባ ሕፃናትን እንደግፍ»። እጅጌ ጉርድ፣ ያውም በአዋቂ ልክ፣ በኅዳር ውርጭ፣ እንጅባራ ላይ! ልጆቹ የሚንቀጠቀጡት ሹራብ አጥተው ነው። የድጋፍ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ጌትነት አንዱን አንሥቶ በጣቱ አሸት አሸት አደረገና ጨርቁን አደነቀ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

ትርንጎ። ስለ እሷ ጽፌልሽ አላውቅም። ሦስተኛ ክፍል ናት፣ ከአክስቷ ጋር የመጣች። ታች ቆላ ሳለች የተማረችው በአዊኛ ነው። ፊደሉ ያው ፊደል ስለሆነ አማርኛውን ጥርት አድርጋ ታነበዋለች፤ ትርጉሙ ግን ግማሹ አይገባትም።

ከት/ቤት ስትወጣ ቤቷ አትሄድም። መናኸሪያ ቆማ የጫግኒን ሚኒባስ ትጠብቃለች። እናትና አባትሽ ጫግኒ ቀርተው እህል እየሸጡ ነው ተብላለች። መሞታቸውን ከእሷ በቀር የማያውቅ የለም። ረዳቶቹ እንኳ ያውቃሉ። ዛሬ መኪናው ሞልቶባቸው ነው፣ ነገ ይመጣሉ ይሏታል።

በእረፍት ሰዓት ካናቴራውን በሁለት እጇ ዘርግታ መጣች። በጣቷ እየተከተለች አነበበችልኝ። «ወላጅ» የሚለውን ታውቀዋለች፤ ያረፈደ ሁሉ ወላጅ ይዘህ ና ስለሚባል። ቀጥሎ ያለው ላይ ጣቷ ቆመ።

«ቲቸር፣ አልባ ምን ማለት ነው?»

አልባ። ሰው በአፉ የማይለው ቃል፣ የመሥሪያ ቤት ቃል። እናቴ በዕድሜዋ አልባ ስትል ሰምቻት አላውቅም። ነገ እነግርሻለሁ አልኳት። አመነችኝ። አጣጥፋ ብብቷ ውስጥ ይዛው ሄደች።

አመሻሽ ላይ

አክስቷ ዘንድ ሄድኩ፣ ወ/ሮ ጥሩወርቅ። ልናገራት ነው የሄድኩት፣ ተናገርኳትም። ልጅቷ መናኸሪያ ለመናኸሪያ ስትንከራተት እያዩ እንዴት አስቻላችሁ? ይኼን ያህል ውሸት ለሕፃን? አስጨረሰችኝ። ድንች እየላጠች ነበር፤ ቢላውን አስቀመጠች።

«እትዬ፣ እኔ የእናቷ ወገን ነኝ። የአባቷ ወንድም እግሩን ተሰብሮ ዳንግላ ሆስፒታል ተኝቷል። የአባቷ ወገን ሳይቀመጥ እንዴት አድርጌ ላርዳት? ስታድግ፣ አባቴ አልቃሽ አልነበረውም ወይ ብትለኝ ምን እላታለሁ?»

አጎትየው እስኪነሣ ነበር ለካ የሚጠበቀው። ንዴቴ አልበረደም፣ የተናደድኩበት ሰው ብቻ ተቀየረ። ለመርዶ የራሱ ሰው፣ የራሱ ሰዓት አለው። እነዚያ የኮሚቴው ሰዎች ግን ደረቷ ላይ አትመውላታል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12። ሚካኤል

ኅዳር ሲታጠን። ከተማው በጠዋቱ ቆሻሻውን እየደጁ ከምሮ ለኮሰው። በየዓመቱ የምናደርገው ነው፣ የልጆቹ ነገር ለማናችንም ትዝ አላለንም። ሰልፍ ላይ ሳሉ ጭሱ በአጥሩ በኩል መጣ። የቆላ ልጆች ተበተኑ። ጩኸት የለ፣ ለቅሶ የለ፤ ዝም ብለው ሮጡ።

ከመጸዳጃው ጀርባ ቀርቀሃው ውስጥ አገኘኋቸው። ትርንጎ የአንዷን ሕፃን አፍ በእጇ ይዛለች፣ ድምፅ እንዳታሰማ። ቆሻሻ ነው፣ የከተማው ቆሻሻ ነው እያልኩ አንድ በአንድ አወጣኋቸው።

ለባለሙያዋ ደወልኩ። ለበዓል ባሕር ዳር ናት። ለአቶ ጌትነት ደወልኩ። ንግሥ ላይ ነው፣ ሆታው ይሰማል። ፎቶ አንሥተሽ ነበር ወይ አለኝ። ፎቶ! ስልኩን ዘጋሁበት። እጄን በሳሙና ታጠብኩ፤ ስልክ ብቻ ይዤ ለምን እንደታጠብኩ እኔም አላውቅም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13። ረፋድ

ልምምድ፣ አዳራሹ ውስጥ። ልጆቹ ሻማ ይዘው ይወጣሉ። አንዲት ልጅ ግጥም ታነባለች። መሐሉ ላይ አለቀሰች፣ የእውነቷን። ካሜራ የያዘው ልጅ ስታለቅስ አልቀረጽኳትም አለ። አቶ ጌትነት ብስኩት ይዞ ተጠጋት፣ እንደገና እንድታለቅስ በትሕትና ለመናት። እሷም አለቀሰችለት። ምራቄ መረረኝ። ወጥቼ ተፋሁት።

ተመልሼ ስለ ትርንጎ ነገርኩት። መርዶ አልሰማችም፣ እናንተ በመድረክ ላይ ልትነግሯት ነው አልኩት። ሰውየው ክፉ አይደለም። ደነገጠ፣ ጭንቅላቱን ያዘ። ከዚያ፣ እንግዲህ ታትሟል አለ። ካናቴራው ታትሟል፣ ባነሩ ታትሟል፣ ስሟ ከወላጆቿ ስም ጋር ፕሮግራሙ ላይ ታትሟል። ትንሽ አሰበና ፊቱ በራ። እንዲያውም እዚያው ብትሰማው ይሻላል፣ ባለሙያዋ አጠገቧ ትሆናለች አለኝ። የምሩን ነው። ያስጠላኝም የምሩን መሆኑ ነው።

ቅዳሜ ቤት ባስቀራትስ? ካናቴራው እጇ ላይ ነው። ቃሉን ትናንት ሁለት ልጆችን ጠይቃለች፣ ዛሬ የዘበኛውን ሚስት። አንዱ ይነግራታል፣ መንገድ ላይ፣ እየሳቀ። ከቅዳሜ በፊት ወገኖቿ ሊያረዷት ይገባል። ዳንግላ እሄዳለሁ።

ከሰዓት፣ ዳንግላ

ሆስፒታሉ ግቢ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። አጎቷን፣ አያ ስመኘውን፣ አገኘኋቸው። እግራቸው እስከ ጭን በጄሶ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ መናኸሪያውን፣ ካናቴራውን። የተጻፈው ምንድን ነው አሉኝ። አነበብኩላቸው። አልባ የሚለውን እሳቸውም አላወቁትም። ፈታሁላቸው። ክንዴን ያዙ።

«ታዲያ ካናቴራ ያርዳት? አንሺኝ፣ ልጄ።»

ሐኪሙ ተቆጣ። ቢቆጣም እውነት አለው። እሳቸው ግን ጫማቸውን ይፈልጋሉ። የእንጅባራው ሚኒባስ ሹፌር የኋላውን ወንበር ለእግራቸው ሊለቅልን ነው። እየጠሩኝ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 14

ጎሕ ሲቀድ አረዷት።

ጎረቤቱ በጨለማ፣ ድምፁን አጥፍቶ ተሰበሰበ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አያ ስመኘው ግድግዳውን ተደግፈው፣ የተሰበረ እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። ትርንጎ ተቀሰቀሰች። ዓይኗን እያሸች ወጣች፣ አጎቷን አየች፣ ሳቀች። ከዚያ ነጠላዎቹን አየች።

በአዊኛ ነገሯት። ብዙውን አልሰማሁትም፤ የእናቷን ስም ሰማሁ፣ የአባቷን ስም ሰማሁ። አላለቀሰችም። ቤቱን በሙሉ በዓይኗ ዞረችና እኔ ላይ ቆመች። ነገ እነግርሻለሁ ያልኳት እኔ ነኛ።

«ቲቸር፣ አልባ ማለት ይኼ ነው?»

አዎ አልኳት። ያን ጊዜ ጮኸች። ሴቶቹ ተቀበሏት፣ አያ ስመኘው ጉያቸው ውስጥ አስገቧት፣ ቤቱ በለቅሶ ተናጋ። እኔም አለቀስኩ፤ ልጆቹ ከመጡ ጀምሮ ገና ዛሬ።

ፀሐይ ስትወጣ የቀሩት የቆላ ልጆች መጡ። ማንም አልጠራቸውም። በር ላይ ጫማቸውን እያወለቁ ገቡ፣ እየተጠጋጉ ተቀመጡ። የሚስቀውን ፊት ሲያሳዩ የከረሙት ሁሉ አለቀሱ፤ በየአባታቸው ስም፣ በየእናታቸው ስም። ቢጫ ፊቶቹን የያዘ ሰው አላየሁም።

ትርንጎ ነጠላ የላትም። ከፍራሿ ሥር ካናቴራውን አወጣች። አገላብጣ አየችው፣ ሴቶቹን አየች፣ ከዚያ ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጣ ለበሰችው። ጽሑፉ ወደ ገላዋ ሆነ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15። ጠዋት

ከወ/ሮ ጥሩወርቅ ደጅ። ድንኳን ተተክሏል። ልጆቹ ከትናንት ጀምሮ እዚሁ ናቸው።

አቶ ጌትነት በየደቂቃው ይደውላል። አዳራሹ ሞልቷል፣ እንግዶቹ የፊት ወንበር ይዘዋል፣ መድረኩ ባዶ ነው። ልጆቹ ለቅሶ ላይ ናቸው፣ ሦስት ቀን ሳይሞላ አይወጡም አልኩት። ለአንድ ሰዓት ብቻ አለኝ። ሐዘንተኛ ለአንድ ሰዓት ይከራያል እንዴ? ለቅሶ መድረስ የፈለገ ቤቱን ይጠይቅ፣ ቦታ አለ፣ ካሜራውን ውጭ ትቶ ይግባ አልኩት። ተጠሪነቱንም ለሌላ ስጡ አልኩ። እስካሁን አድርጌ የማላውቀውን ደግሞ አደረግሁ፤ ከተናገርኩ በኋላ ይቅርታ አላልኩም።

መኪና ላከ። ሹፌሩ ደጅ ላይ ጡሩምባውን ነፋ። ማንም አልተነሣም። ደግሞ ነፋ። ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፣ ድንኳኑን አየ፣ ባርኔጣውን አወለቀ። አሁን አያ ስመኘው አጠገብ ተቀምጧል። ቆላ እህት ነበረችው አሉ። ያለቅሳል። መኪናው በሩ እንደተከፈተ ባዶውን ቆሟል።

የጫግኒው ሚኒባስ በላይኛው መንገድ አለፈ። ረዳቱ ይጣራል፣ እዚህ ድረስ ይሰማል። ትርንጎ ቀና አላለችም።

ስልኬ ደግሞ ጮኸ። አቶ ጌትነት ነው። ትርንጎ ማነው ትለኛለች። ማንም አይደለም ብያት እያጠፋሁት ነው።