ግንቡ የሚያልፍበት መስመር

ለውድ እህቴ ለእትዬ ፊሎሜና፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የሆንግ ኮንግ ብርድ እንዴት አድርጎሻል? አሠሪዎችሽስ ዘንድሮ ዕረፍት ሰጡሽ? እኛ ደህና ነን፤ እማዬንም ሳሉ ለቀቃት። እኔ ግን ይህን የቀበሌ ሊቀመንበርነት ከተሸከምኩ ወዲህ ድካሙ ከአጥንቴ አልወጣ ብሏል። በስልክ መናገር ስላልደፈርኩ ነው የምጽፍልሽ።

ካለፈው አውሎ ነፋስ በኋላ ሁለት መሥሪያ ቤቶች መጡብን። የአደጋ መከላከሉ ባሕሩ ዳር የሲሚንቶ ግንብ ልሥራ አለ። የአየር ንብረቱ ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ ማንግሮቭ የሚሉትን፣ ጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅለውን ዛፍ ትከሉ አለን። አንዱ ሰኞ ይሰበስበናል፣ ሌላው ሐሙስ። ተሰብሳቢዎቹ ያው እኛው ነን፤ ሰኞ ብርቱካናማ ሰደርያ፣ ሐሙስ አረንጓዴ እንለብሳለን። ጎረቤታችን ተርሶ "ማዕበሉ በየትኛው ቀን እንደሚመጣ ጠይቁልኝ፣ ሰደርያዬን እንዳላሳስት" ብሎ ሰዉን አሳቀው። እኔን መሳቅም ደከመኝ።

ባለፈው ወር ግንቡን ሊለኩ የመጡት ሰዎች የተከልነውን ችግኝ ረጋግጠውት ሄዱ። ተናደድኩና ሁለቱንም መሥሪያ ቤቶች፣ አንዱ የሌላውን መምጣት ሳያውቅ፣ በአንድ ቀን በአንድ አዳራሽ ጠራኋቸው። መጀመሪያ ተኮራርፈው ተቀመጡ። ተርሶ ሁለቱን ሰደርያ ደርቦ ሲገባ ግን ሳቁና ወንበራቸውን አቀራረቡ። ዛፉ ከፊት ሆኖ የማዕበሉን ጉልበት ይስበር፣ ግንቡ ወደ ኋላ ይሳብ ተባለ። አጨበጨብን። ካርታው ላይ መስመሩ ሲሰመር ቤታችን ከግንቡ ውጪ፣ ዛፉ በሚተከልበት በባሕሩ በኩል ቀረ፤ እዚያ ያለ ቤት ሁሉ መፍረስ አለበት።

እትዬ፣ የሰው ቤት ስትጠርጊ ኖረሽ ያሠራሽው ቤት መሆኑን አልረሳሁም። ከውጪ የቀሩት ሌሎች ሦስት ቤተሰቦች "መጀመሪያ የሊቀመንበሩ ይፍረስ፣ ከዚያ እናያለን" አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። መስመሩ ወደ ባሕሩ ቢገፋ ዛፉ ቦታ አያገኝም፣ ግንቡም ብቻውን አይችለውም። ቤቱ በስምሽ ስለሆነ ያለ ፈቃድሽ ቆርቆሮ አላነሣም። እማዬን ስጠይቃት "ለእርጅናዋ ብላ የሠራችውን እኔ እንዴት አፍርሱ ልበል?" ብላ አለቀሰች። እምቢ ብትይ አልቀየምሽም፣ ሹመቱን እተዋለሁ። ግን እባክሽ እሺ በዪኝ። በዚያ ማዕበል እማዬን አዝዬ ስወጣ ውሃው ደረቴ ደርሶ ነበር፤ ዳግመኛ የምችል አይመስለኝም።

ባለቤቴ ኔኒታ እጅግ ናፍቃሻለች። ልጅሽ ማሪቴስ ቁመቷ እኔን ደርሷል፣ ትስምሻለች። ተርሶም ሰላም በልልኝ ብሏል። እማዬ ዛሬም ክፍልሽን ጠርጋ አንሶላውን ቀይራለች። አንድ ሌሊት እንኳ ሳታድሪበት ነው አፍርሺው የምልሽ።

ወንድምሽ ክሪሳንቶ
ካንሎሳይ፣ ሳማር ደሴት
ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2019