በድምፅ ብልጫ የተቆረጠችው ምላስ

ጓድ ጀይላን፣

የመስኖ ፓምፑን ሞተር ክዳንና የቆረጣችሁትን ብረት ይዤ በያጅ ፍለጋ ደሴ ሄጃለሁ። እስክመለስ ሞተሩን ማንም እንዳይነካው።

ይህ አዲሱ የሞተር ክዳን የሌላ ፋብሪካ ነው። አሮጌው ላይ ያልነበረች ትንሽ የብረት ምላስ ስታይበት፣ መካኒክ በመጠየቅ ፈንታ ስብሰባ ጠራህ። «የቡርዧ ትርፍ ጌጥ ናት» ብለህ በድምፅ ብልጫ አስቆረጥሃት።

ጠቋሚ ነበረች። የሞተሩ እሳት በሰዓቱ እንዲለኮስ የምናስተካክለው በእሷ ነው። ያለ ፓምፑ የማኅበሩ ሽንኩርት በዚህ ሙቀት ይደርቃል፤ ስብሰባ ጠርተህ እንዲታገሥ ብታስወስንበትም።

ሽሮ ድስቱ ውስጥ አለልህ። ምን እንደሆነ ለመለየት ድምፅ መስጠት አያሻም።

«አንተም በስብሰባው እጅህን አውጥተሃል» ትለኝ ይሆናል።

ትንኝ ሳባርር ነው።

ደምሴ