አባባ ሮዲ ከወለሉ ሲነሱ

ውድ አባባ ሮዲ፣

ይህን የምጽፍልዎት ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ፖሪሩዋ፣ እናቴ ቤት ቁጭ ብዬ ነው። ከቢሮ ልጽፍልዎት ደንቡ አይፈቅድም። ደንቡ ሌላም ብዙ ነገር አይፈቅድም፤ ከደንበኛ ጋር ከልክ በላይ መቀራረብ፣ «አባባ» ብሎ መጥራት፣ አብሮ መሳቅ። ከእርስዎ ጋር ያልጣስኩት የቀረ አይመስለኝም። ዛሬ ግን ሳልነግርዎት የቆየሁትን አንድ ነገር ልነግርዎት ነው። እርስዎ የሚያውቁት በእርስዎ በኩል የሆነውን ነው። እኔ ከባሕሩ ማዶ፣ ከሰሜኑ ደሴት፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ የሰማሁትን ግን አያውቁም።

የመጀመሪያው ቀን የካቲት ውስጥ ነበር፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ስክሪኔ ላይ «ሰው ወድቋል» የሚለው ቀይ ጽሑፍ ብልጭ አለ። አንገትዎ ላይ የተንጠለጠለው የአደጋ ጥሪ አዝራር፣ ሰው ሲወድቅ የሚያውቀው፣ ማንም ሳይጫነው ራሱ ደውሎ ነው። ከሥሩ ስምዎ ነበር፦ ሮደሪክ ቱሎክ፣ ሰማንያ ሦስት ዓመት፣ ሪቨርተን፣ ብቻቸውን የሚኖሩ።

«ሚስተር ቱሎክ፣ ከአደጋ ጥሪ ማዕከሉ ነው፤ ኤሴታ እባላለሁ። ወድቀዋል?»

«ወድቄያለሁ።»

«ተጎድተዋል?»

«ኧረ ምንም አልሆንኩ።»

«አምቡላንስ ልላክልዎት?»

«ምን ሊያደርግልኝ? አውቄ ነው የወደቅኩት።»

ስድስት ዓመት ስሠራ አውቆ የወደቀ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም።

«ሰዓት አለሽ?» አሉኝ።

«አለኝ።»

«በይ ያዢልኝ፤ ልነሳ ነው። እስክነሳ ድረስ ደግሞ አታውሪኝ፤ ወሬ ትንፋሼን ይጨርሰዋል።»

ከዚያ የሰማሁት ማቃሰት፣ የጉልበት መንፏቀቅ፣ የወንበር እግር መንሸራተት ነበር። ወንበሩን የሰደቡት ስድብ በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀው ነው፤ ሃምሳ ዓመት አሣ አጥማጅ ሆነው የኖሩ ሰው መሆንዎን ያወቅኩት በኋላ ነው። በመጨረሻ ከላይ፣ ከቁመትዎ፣ ድምፅዎ መጣ።

«ስንት ሆነ?»

«አሥራ አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ።»

«ኤሊ ትቀድመኛለች። ነገ በዚሁ ሰዓት።» ዘጉት።

ነገሩ የገባኝ ቀስ በቀስ ነው። ባለፈው ጥቅምት ኩሽናዎ ውስጥ ወድቀው ከጠዋት እስከ ማታ ወለሉ ላይ ዋሉ። አጥንትዎ አልተሰበረም፣ ደም አልፈሰሰዎትም፤ መነሳት ብቻ ነው ያቃተዎት። ልጅዎ ሞይራ ከኢንቨርካርጊል መጥታ ስታገኝዎት የአረጋውያን መኖሪያውን ቅጽ ይዛ ለመመለስ አንድ ሳምንት አልፈጀባትም። ተከራከራችሁና በመጨረሻ ተስማማችሁ፦ አዝራሩን አንገትዎ ላይ ያደርጋሉ፤ ክረምቱ እስኪያልቅ ደግሞ ከወለል ያለማንም እርዳታ መነሳት ከቻሉ ቤትዎ ይቀራሉ። የአካል ሕክምና ባለሙያዋ ዘዴውን አሳየችዎት። በጎን መገልበጥ፣ በክርን መደገፍ፣ በእጅና በጉልበት መዳህ፣ ወንበር መያዝ፣ አንዱን እግር መትከል። እርስዎም ሳሎን መሐል አሮጌ ፍራሽ ዘርግተው በየቀኑ ራስዎን መጣል ጀመሩ።

«አዝራሩን አውልቀው ለምን አይለማመዱም?» ብዬ ጠይቄዎት ነበር። «በከንቱ አይደውልም ነበር።»

«የምር የወደቅኩ ቀን አንገቴ ላይ ይኖር የለ? እሱም አብሮኝ ይልመድ።»

ከዚያ በኋላ ጠዋት የኔ ተራ በሆነ ቁጥር አራት ሰዓትን መጠበቅ ጀመርኩ። ዘጠኝ ደቂቃ። ሰባት ተኩል። አንድ ቀን ወደ ስምንት ተመልሰው ተናደዱ፤ «ሹራቡ ነው የያዘኝ» አሉ። «ሮዲ በይኝ፤ ሚስተር ቱሎክ አባቴ ነበር» ያሉኝም ያን ሰሞን ነው። እኔ ሳሞአዊት ነኝ፤ ትልቅ ሰው በስሙ ብቻ ስጠራ እናቴ ብትሰማኝ ጆሮዬን ነው የምትይዘው። ስለዚህ አባባ ሮዲ ሆኑ። አራት ደቂቃ የገቡ ቀን ከወንበሬ ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ፤ አጠገቤ ያሉት ልጆች የሎተሪ ዕጣ የወጣልኝ መስሏቸው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

እኔ በሌለሁበት ቀን ባልደረቦቼ በእርስዎ ጥሪ ይደነግጡ ነበር። ሁለት ጊዜ አምቡላንስ ላኩ፤ እርስዎ በሩ ላይ ቆመው አባረሩት። እኔም ችግሩን ለማቃለል ብዬ መዝገብዎ ላይ በገዛ እጄ ጻፍኩ፦ «በየጠዋቱ አራት ሰዓት የመነሳት ልምምድ ያደርጋሉ። ወዲያው መልስ ባይሰጡም አትጨነቁ።» ማንንም አላማከርኩም። ሥራ ያቀለልኩ መስሎኝ ነበር።

ሰኔ ውስጥ በአንድ ሐሙስ ቀን፣ ልክ በአራት ሰዓት ጥሪዎ መጣ። «እንደምን አደሩ አባባ ሮዲ፤ ሰዓት ይዣለሁ» አልኩና ወንበሬን ወደ ኋላ ለጠጥ አድርጌ ተቀመጥኩ። ዝም አሉ። ሲነሱ እንደማያወሩ አውቃለሁ። እንዲያውም ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ብስኩት አነሳሁ።

ከዚያ ግን አንድ ድምፅ ቀስ እያለ መጣ፤ የማንቆርቆሪያዎ ፉጨት። ፉጨቱ ከፍ እያለ ሄደ፣ ማንም አላወረደውም። እርስዎ ደግሞ ሁልጊዜ ከተነሱ በኋላ ነው ሻይ የሚጥዱት፤ «ደመወዜ» የሚሉት ሻይ። ጥደው ራስዎን ሊጥሉ አይችሉም። ታዲያ ዛሬ አልተለማመዱም ማለት ነው። የምር ወድቀዋል።

ብስኩቱ ከእጄ ወደቀ። አምቡላንስ ጠራሁ፤ መለዋወጫ ቁልፍዎ ያላት ጎረቤትዎ ሁያ ጋ ደወልኩ። በሩ ሲከፈት፣ ፉጨቱም ሲቆም ሰማሁ።

«እዚህ ነው! ምድጃው ሥር!» ጮኸች። «ፊቱ አመድ መስሏል፣ የኔ እመቤት!»

«ይተነፍሳሉ?»

«ይተነፍሳል። በጎኑ ነው ያለው። ራሱ ተገላብጦ በክርኑ ሊነሳ ሲሞክር ነው የደከመው መሰለኝ።»

«እንዳይነሱ። ብርድ ልብስ ደርቢላቸውና እጃቸውን ያዢ፤ አምቡላንሱ እየመጣ ነው።»

ከዚያ የእርስዎ ድምፅ መጣ፤ ክር የምታህል።

«ኤሴታ… ስንት ሆነ?»

«ገና ነው፤ ዝም ብለው ይተኙ» አልኩዎት።

መልስ አልሰጠሁዎትም ነበር። ዛሬ ልመልስልዎት። አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ። እርስዎ ወለሉ ላይ ወድቀው፣ ልብዎ መምታቱን ሊያቆም እየዳዳው፣ እኔ ብስኩት ይዤ የጠበቅኩበት ጊዜ ነው። የተቀረጸውን ጥሪ ደጋግሜ አዳምጬ ነው የቆጠርኩት። ሌላ ሰው አንስቶት ቢሆን ኖሮ የጻፍኩትን ማስታወሻ አንብቦ ፉጨቱን ከምንም ሳይቆጥር ይዘጋው ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ።

ሆስፒታል ውስጥ የሆነውን እርስዎም ያውቁታል፤ ልብዎን የሚያግዝ ትንሽ መሣሪያ ደረትዎ ውስጥ ተቀበረ። የማያውቁት የሞይራ ስልክ በእኛ በኩል እንዴት እንደነበረ ነው። በአሥረኛው ቀን ወደ ማዕከሉ ደውላ «ያቺን ኤሴታ የምትባለዋን አቅርቡልኝ» አለች። ልትሰድበኝ መስሎኝ ነበር።

«አባዬ ዶክተሩ ፊት ወለል ላይ ተኝቶ ልነሳ ይላል» አለችኝ። «ቤቴ መግባት እንደምችል አሳያችኋለሁ ይላል። ዶክተሩ ፈቅዷል፣ ባለሙያዋም አጠገቡ ናት። አንቺ ሰዓት ካልያዝሽለት ግን አልተኛም አለ! እኔ ሰዓት ማየት የማልችል ይመስል!»

«ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ ያድርጉልኝ» አልኳት።

ያን ቀን እኛ ጋ ሰባት ሰዎች ጠረጴዛዬን ከበው ነበር። ብሮንዊን፣ አለቃዬ፣ ራሷ ቡናዋን ይዛ ቆማለች። እኔ «ይጀምሩ» አልኩ። ትንፋሽዎን ሰማን። የወንበሩን እግር ሰማን። አንዴ ቆሙ፤ ሞይራ «አባዬ፣ ልያዝህ?» ስትል፣ «እጅሽን ሰብስቢ፣ ምንጣፍ ነኝ እንዴ የምጠቀለለው!» አሉ። እዚህ ሁሉም አፉን በእጁ አፈነ። ከዚያ ድምፅዎ ከላይ መጣ።

«ስንት?»

«አንድ ደቂቃ ከሃምሳ አንድ ሰከንድ፣ አባባ ሮዲ።»

ሞይራ ስታለቅስ ሰማኋት። ያለቀሰችው ግን እሷ ብቻ አልነበረችም፤ የብሮንዊንም ቡና ፈስሷል። ዶክተሩ «ታዲያ ምን ቀረኝ፣ መልቀቂያውን ልፈርም» ሲል ቢሯችን በጭብጨባ ተናወጠ። በዚያች ሰዓት የተሰማኝን ኩራት፣ አባባ፣ የገዛ አባቴ ቆሞ ሲሸለም ባይ እንኳ የሚሰማኝ አይመስለኝም። የሰማንያ ሦስት ዓመት ሰው ቤቱን በጉልበቱ፣ እየዳኸ አስመለሰ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ማዕከሉ በስብሰባ ላይ ሊያመሰግነኝ ተነሳ። ብሮንዊን ስለ ማንቆርቆሪያው አወራች፤ «ጆሮ ማለት ይሄ ነው» አለች፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። የምስክር ወረቀቱን ተቀበልኩና መቀመጥ አቃተኝ። «ማስታወሻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ስለ ብስኩቱም፣ ስለ አንድ ደቂቃ ከአርባዋም ነገርኳቸው። ያን ማስታወሻ የዚያኑ ሐሙስ ሰርዤዋለሁ፤ አሁን ግን እንዲህ ያለ ነገር ማንም ማንም ላይ እንዳይጽፍ ለመንኩ።

ወረቀቱን ትቀማኛለች ብዬ ነበር። ብሮንዊን ግን እስክሪብቶ አወጣች።

«እንደገና ተናገሪው» አለችኝ፤ «ቀስ ብለሽ። አዲሶቹ ልጆች ይጻፉት።»

እንደገና ተናገርኩት። ሁለተኛውን ጊዜ አንገቴን ቀና አድርጌ ነው። ይህንንም እንዲያውቁልኝ ፈለግኩ፤ ከወለል እንዴት እንደሚነሳ ከእርስዎ ነው የሰማሁት።

ይህን አንብበው ከተቀየሙኝ ይንገሩኝ፤ ይገባኛል። ካልተቀየሙኝ ደግሞ ሞይራ ጋብዛኛለች፤ ቅዳሜ አውሮፕላን ማረፊያ መጥታ ትቀበለኛለች። እናቴ ባዶ እጅሽን አትሄጂም ብላ በኮኮናት ወተት የሚጋገረውን ጣፋጭ ዳቦ ልታስይዘኝ ሊጥ እያቦካች ነው። ከኩሽና እየጮኸች «ሰውዬው ጥርስ አላቸው ወይስ ለስላሳ ላድርገው?» ትለኛለች። ይኸው ስንት ወር አውርተን ይህን እንኳ አላውቅም። ቶሎ ይመልሱልኝ፤ ሊጡ አይጠብቅም።

በድምፅዋ ብቻ የሚያውቋት፣
ኤሴታ ፋላኒኮ