ከእንሰቱ ጋር የተጫነው ሰው

ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ ሚኒሶታ
ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእናቴ ለወይዘሮ አስካለማርያም ሂርጳ
ወሊሶ

እማዬ፣

አባትሽ ሂርጳ የካቲት 6 ቀን 1933 ዓ.ም. ጣሊያን አገር ሞቷል። የተቀበረበት መሬት ባለፈው ሐምሌ መኪና ማቆሚያ ተሠርቶበታል።

መርዶ በደብዳቤ እንደማይነገር አውቃለሁ። ስለዚህ ለእህቴ ልጅ ለጊፍቲ አስቀድሜ በስልክ ነግሬያት፣ ጎረቤት በጠዋት ሰብስባ እንድታነብልሽ አድርጌአለሁ። ድምጿ ከተቋረጠ ታገሻት። ጎረቤታችን ቀጀላም እንዲጠራ ብያለሁ። «አባትሽ ከፈረንጅ ጋር ሄዶ ነጭ አግብቷል» እያለ ስንት ዓመት አስለቅሶሻል። ከፊት ይቀመጥና ይስማ።

ከሦስት ዓመት በፊት በስልክ ያልሽኝን ቃል በቃል ይዤዋለሁ። «አባቴ ጥሎን ነው የሄደው ወይስ ወስደውት ነው? ሳልሞት ንገረኝ። ሞቶም ከሆነ ከመቃብሩ አፈር አምጥተህ ከእናቴ ጎን አድርግልኝ» ነው ያልሽኝ። አያቴ «ይመጣል» እንዳለች ተዝካሩን ሳታወጣ ሞተች። አንቺም በቁሙ የገደልሽው እንዳይሆን ፈርተሽ ሳታወጪለት ኖርሽ።

የመጀመሪያው ጥያቄሽ መልስ ይኸውልሽ፦ ወስደውት ነው።

ጣሊያኖች አገራችንን በያዙበት ጊዜ ተክል ይሰበስቡ ነበር። እንግሊዝም ፈረንሳይም በየቅኝ ግዛታቸው እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ይጠቅማል ያሉትን ነቅለው በመርከብ ይጭኑና፣ የዕፅዋት ማዕከል በሚሉት ግቢ፣ በመስታወት ቤት ውስጥ ያሳድጉታል። አባትሽ ያን ጊዜ ወሊሶ ታስሮ ነበር። እንሰት አዋቂ መሆኑን ሰምተው ከእስር ቤት አወጡት። አያቴ አንቺን አርግዛ ስድስት ወሯ ነበር።

የግቢው መዝገብ ቅጂ እጄ ላይ አለ። ልጄ ሲፋን በስልኳ ተርጉማልኛለች። በመጋቢት 1931 ከመርከብ የወረደውን ሲዘረዝር «የእንሰት ችግኝ ስልሳ፣ ኮረሪማ ሁለት ቅርጫት፣ አገሬው አትክልተኛ አንድ» ይላል። ለሰውም ለተክልም የሰጡት ተራ ቁጥር አንድ ላይ የሚሄድ ነው። የአባትሽ ቁጥር ስልሳ ሦስት ነው።

ብርድ ሲመጣ እንሰቶቹን ጆንያ የሚያለብሳቸው፣ ውሃቸውን የሚመጥነው እሱ ነበር። ወደ አገሩ እንዲመልሱት ሦስት ጊዜ ለምኗል። ሦስቱም ጊዜ ከልመናው ጎን የተጻፈው አንድ ነው፦ «ያለ እሱ ይደርቃሉ።» ቢደርቁ ኖሮ ይለቁት ነበር ወይ እያልኩ አስባለሁ። አላደረቃቸውም። ስለ እሱ የተጻፈው የመጨረሻ መስመር «አትክልተኛው በሳንባ ምች ሞተ። እንሰቶቹ ደህና ናቸው» የሚል ነው። ከእነሱ የተባዙት ዛሬም እዚያው መስታወት ቤት ቆመዋል። ከፊታቸው ባለው ሰሌዳ ላይ የአንድ ፕሮፌሰር ስም ተጽፏል።

አሁን የእኔን ጥፋት ልንገርሽ። ጥቅምት 2015 መጀመሪያ ለግቢው ስጽፍ «በ1931 የተወሰደ ሰው» አልኩ። በፈረንጅ አቆጣጠር 1939 ማለት ነበረብኝ። እነሱ በራሳቸው 1931 ፈልገው፣ ያኔ ከእናንተ አገር ሰውም ተክልም አልመጣልንም ብለው መለሱ። እውነታቸውን ነበር፤ ጣሊያን ገና አገራችን አልገባም ነበር። እኔ ግን መዝገቡን የደበቁ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ውሸታሞች እያልኩ ደጋግሜ ጻፍኩላቸው። መልስ መስጠት ተዉ።

ባለፈው መስከረም ሲፋን ደብዳቤዎቹን ያስቀመጥኩበትን ፎልደር ስታገላብጥ ቀና አለች።

«አባዬ፣ ይሄ ናይንቲን ሠርቲ ዋን የኢትዮጵያ ነው የፈረንጅ?»

«የእኛ ነዋ።»

«ኮንቨርት አላደረግከውም?»

ደብዳቤውን ከእጇ ወስጄ ዓመተ ምሕረቱን አየሁት።

«ኦ ማይ ጋድ፣ አባዬ።»

ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ሱቅ ላለው ጓደኛዬ ለጃዋር ነገርኩት። እንደ ልማዱ ሊያስቀኝ ሞከረ። «አንተ ሰውዬ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ጋዜጣ ላይ የሰው ቀን ስታርም ኖረህ! ይሄ ሁሉ ስደተኛ እንዴት ጃንዋሪ አንድ ተወለደ እያልክ በእኛ ስትስቅ!» ከዚያ ፊቴን አየና «በል ተቀመጥ፣ ሻይ ላምጣልህ» አለኝ።

በትክክለኛው ዓመት በጻፍን በአሥራ አንደኛው ቀን መዝገቡን ላኩልን፤ የመቃብሩ ካርታም አብሮ ነበረ። ከካርታው ጋር ይቅርታ መጣ። የአትክልተኞች መቃብር የነበረው ቦታ ጠያቂ ስላልቀረበለት፣ ከሁለት ወር በፊት ተጠርጎ መኪና ማቆሚያ ሆኗል ይላል። ጠያቂ ስላልቀረበለት። ይህን ቃል ከመስከረም ጀምሮ ተሸክሜዋለሁ። እስካሁን ያልነገርኩሽም፣ አፈሩን ይዤ ራሴ መጥቼ ላረዳሽ አስቤ ነው።

አጥንት አላገኘንም ይላሉ። ከዚያ የተዛቀው አፈር ከመስታወት ቤቱ ኋላ ተከምሯል። ለችግኝ ይሆናል ብለው ነው። ከእሱ አንዲት ሣጥን ስጡኝ አልኩ። ትናንት መልስ ጻፉ፦ አፈር የተክል በሽታ ስለሚያስተላልፍ ከአገር ወደ አገር አይሻገርም፤ ልዩ ፈቃድ ይጠየቅ አይጠየቅ የሚለውን የግቢው ቦርድ ይወስናል። እነሱ ስልሳውን እንሰት ከነአፈሩ ሲጭኑ ማንን እንዳስፈቀዱ መዝገቡ አይናገርም።

እኔ አሁንም ሴንት ሉዊስ ፓርክ ባለው የአዛውንቶች ቤት እሠራለሁ። የአንቺን ዕድሜ የሚያህሉ አራት ሴቶች በእኔ እጅ ናቸው። ጠዋት አጥባቸዋለሁ፣ አለብሳቸዋለሁ፣ ቁርሳቸውን በማንኪያ አጎርሳቸዋለሁ። ወደ አንቺ ለመምጣት ፈቃድ ሁለት ጊዜ ጠይቄ ነበር። አለቃዬ «ከአንተ ሌላ ሰው የለንም» አለችኝ።

ሐኪሙ ያለውን ጊፍቲ ነግራኛለች። እህል እምቢ አትበይ። ሾርባውን ባትወጂውም ቅመሽው።

አፈሩ እስኪመጣ አትጠብቂ፤ ተዝካሩን አውጪለት። ቀኑ ታውቋል፤ ከእንግዲህ በቁሙ ገደልኩት ብለሽ አትፈሪ። ቄሱም ፍትሐት ያድርሱለት። የክርስትና ስሙን መዝገቡ አያውቀውም። አያቴ ነግራሽ ከሆነ ለቄሱ ንገሪያቸው፤ ረስተሽው ከሆነም እግዜር ያውቀዋል።

እማዬ፣ በዚህ ጉዳይ ምርቃት የሚገባኝ ሰው አይደለሁም። ቢሆንም ከልቅሶው በኋላ አንድ ቃል በይኝ፤ ጊፍቲ በስልኳ ቀድታ ትልክልኛለች። አምላክ ሌሊቱን ያሳጥርልሽ፣ ጎንሽን ያሳርፍልሽ። ከአያቴ መቃብር አጠገብ ያለውን ቦታ ሌላ ሰው እንዳይቀበርበት ለቄሱ አሳስቢልኝ።

ቦርዱ መጋቢት 9 ይሰበሰባል። እስከዚያ ቆዪኝ።

ልጅሽ
ቦጋለ