ሞተሩን ሳላጠፋ የሰጠሁት ሰላምታ

ባኮ፣ ሰኞ ጥቅምት 4 ቀን 1978

ዛሬ የእርሻውን አጥር ጥግ በትከሻዬ ባነገትኩት የሣር ማጨጃ ሞተር ሳጭድ ዘበኛችን ኦቦ ቶሎሳ "አካም ጅርታ፣ ልጄ?" እያሉ ሰላም ሊሉኝ መጡ። ሽማግሌ እንዴት ዝም ይባላል? የመከላከያ መነጽሬን አወለቅሁና ሞተሩን ሳላጠፋ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። ስለቱም አብሮኝ ጎንበስ ብሎ መሬት ጫረ፤ ድንጋይ ተፈናጥሮ ቅልጥማቸውን መታቸው። ደማቸው እየወረደ፣ "ዓይንህንስ አልነካህም?" አሉኝ።

"ሰው ሃያ እርምጃ ሳይርቅ ሞተር አይነሣ" እያልኩ ሠራተኛውን የምቆጣው እኔው ነኝ! ከዚያ ወዲህ መቀመጥም መቆምም አቃተኝ። ነገ ካልመጡ እግራቸው ብሶባቸዋል ማለት ነው። ከመጡም ሃያ እርምጃ ርቀው ይቆሙ ይሆናል። ደንቡስ ይኸው አልነበር? ታዲያ ያን ርቀት ለምን ፈራሁት?