ሣሩ እስኪይዝ

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

እንዴት ከርመሻል? ሳልሽ ለቀቀሽ? ልጆቹስ በደህና ናቸው? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። ስለ እማዬ ወረድ ብዬ እጽፍልሻለሁ።

ሣሩን ማስዘራት ስንት ፈጀ ብለሽ ጠይቀሽኛል። የዘሩን፣ የአፈሩንና የአትክልተኛውን ሂሳብ ወንድማችን ያውቀዋል። እኔ የማውቀውን ልንገርሽ።

ደላላው ግቢው አረንጓዴ ከሆነ ቤቱ ቶሎ ይሸጣል ስላለው፣ ወንድማችን አትክልተኛ ላከ። ሰውየው የሽንኩርት መደቤን በአንድ ጠዋት ገለበጠው። ያስቸገረው ከበሩ እስከ ቧንቧው ያለው የእማዬ መንገድ ነበር። ዓይኗ ከጠፋ ጀምሮ በእግሯ እየዳበሰች ስትመላለስበት የኖረችው መሬት እንደ ሲሚንቶ ጠጥሮ ለዶማ እንኳ አልበገር አለው። እሱንም ቆፍሮ አለሰለሰና ዘር በትኖበት፣ ዙሪያውን ገመድ ወጠረ። ሣሩ እስኪይዝ እግር እንዳይነካው ብሎ አስጠነቀቀን።

በማግስቱ እማዬ እንደ ልማዷ ወጣች። እግሯ ለስላሳው አፈር ውስጥ ስምጥ ሲልባት ቀጥ ብላ ቆመችና፣ "ቤቱን ወዴት ወሰዳችሁት?" አለች። ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። አትክልተኛው ግን "ኧረ እማማ፣ ከወፎቹ ይልቅ እርስዎ አስቸገሩኝ!" እያለ እየሮጠ መጣ። "ወፍ ብሆንማ አንተን መች አስፈቅድ ነበር" ብላው ገባች። ከዚያ ወዲህ አልወጣችም። በእጄ ይዤ ወደ ጎዳናው ላውጣት ብል፣ እንደ ዕውር አትጎትቺኝ ብላ እምቢ አለች።

እግሯ እየሰነፈ ነው ብዬ ለወንድማችን ደወልኩለት። "ሣሩ እስኪይዝ ታገሱ እንጂ! አንቺ ደግሞ ነገር ታካብጃለሽ" አለኝ። ታውቂኝ የለ፣ ሰው ቆጣ ካለ ምላሴ ይተሳሰራል። ስልኩን ዘጋሁት። መንገዷ የነበረበት ቦታ ሳይበቅል ቀርቶ እንደገና አዘራው፤ እኛም እንደገና መጠበቅ ጀመርን። ውሃ የማጠጣው እኔ ነበርኩ። አንዳንዴ ምነው በደረቀ እላለሁ፤ ደግሞ ቡቃያው ጠውልጎ ሳየው አንጀቴ አይችልም፣ አጠጣዋለሁ።

አሁን ሣሩ ይዟል። ገመዱ ሲነሳ፣ "እማዬ፣ ተነሺ፣ መውጣት ትችያለሽ" አልኳት። "ነገ" አለች። ደግፌ ባቆማት ጉልበቷ ተብረከረከ። ገላዋን የማጥባት እዚያው አልጋዋ ላይ ነው። ምግብም አንድ ሁለቴ ጎረስ አድርጋ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

ቤቱ ሲሸጥ ወንድማችን እሷን ፎቅ ላይ ወዳለው የራሱ ቤት ሊወስዳት ነው። ለእሷ ገና አልነገርናትም። ስለ እኔ አላነሳም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ትናንት ገዢዎቹ መጡ። ሴትየዋ ጫማዋን አውልቃ ሣሩ ላይ እየተራመደች ስትስቅ፣ እማዬ ሰማቻትና "ማናት?" አለችኝ። የጎረቤት ልጅ ናት አልኳት። "እኔ ደግሞ እሷ መስላኝ" አለች። አንቺን ማለቷ ነው።

የዕረፍት ፈቃድሽን ለዓመቱ መጨረሻ አስቀምጫለሁ ብለሽኝ ነበር። አታስቀምጪው። ስትመጪ በር ላይ ቆመሽ አታንኳኪ፤ ጮክ ብለሽ እየተጣራሽ ግቢ። ጆሮዋ ገና ደህና ነው።

ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ።

ታላቅ እህትሽ